በሩ ላይ የቆመው እግሬ

ብራች ደሴት፣ ኖቬምበር 9 ቀን 2019

ለዲንካ፤

«ልጄ» ብዬ እንዳልጀምር ራስሽ ከልክለሽኛል። «ከዛሬ ጀምሮ አባት የለኝም» ብለሽ ከአየርላንድ ከጻፍሽ ሁለት ዓመት አለፈ። እኔም ጨክኜ መልስ አልሰጠሁሽም። አሁንም የምጽፈው ናፍቀሽኝ አይደለም። «እግሬ እምቢ አለኝ» ስልሽ ውሸታም ብለሽኝ ስለ ሄድሽና ማስረጃ በእጄ ስለ ገባ ነው። ፊደሌ እየኮሰመነ ከሄደ ታገሺው፤ እሱም የበሽታው ነው።

እናትሽ ደህና ናት። ዘንድሮ ወይራውን ከጎረቤት ጋር ለቀመች። እኔ መሰላሉ ሥር ቆሜ ስሳደብ ዋልኩ።

አንቺ የምታውቂውን ላስቀድም። ከሠርግሽ በፊት መጠጥ ቤት ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ልጄን ከዚህች ደሴት ነቅሎ ለሚወስድ ልጅ በገዛ እግሬ ወስጄ አላስረክብም» ብያለሁ። ብያለሁ፤ አልክድም። ግን እናትሽ ለመነችኝ፣ ሱፍ ልብስ አሰፋሁ፣ ለሙሽራው ላስረክብሽ ክንድሽን ይዤ ከቤት ወጣሁ። መንገዱን በሙሉ በደንብ ሄድኩ። የቤተ ክርስቲያኑ ደፍ ላይ ስንደርስ እግሬ መሬቱ ላይ ተጣበቀ። ከወገብ በላይ ወደ ፊት እየሄድኩ ነው፤ ከወገብ በታች ግን ድንጋይ።

«አባዬ፣ ዛሬ እንኳ ተወው!» አልሽኝ በሹክሹክታ።

የባልሽ የፍራኔ አባት፣ ያ የርኮ፣ ከውስጥ ሆኖ «ባርቱል ቃሉን ጠበቀ!» ብሎ ጮኸ፤ ሰው ሳቀ። አንቺ ክንዴን ለቀሽ ብቻሽን ገባሽ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ እግሬ በራሱ ተፈታ። አፍሬ ዞርኩና የሰፈሩን ደረጃ እየሮጥኩ ወጣሁ። ያን ያየ ሁሉ ፈረደብኝ፤ አንቺም ፈረድሽ። አንድ ጊዜ እንኳ «አባዬ ምን ሆነህ ነው?» ብለሽ አልጠየቅሽኝም። ሃያ ስድስት ዓመት ያሳደግኩሽ ሰውዬ!

ባለፈው ክረምት የገዛ ወጥ ቤታችን በር ላይ ቆሜ ቀረሁና ወደቅኩ። እናትሽ ባሕሩን አሻግራ ስፕሊት ከተማ ወስዳ አስመረመረችኝ። የእጄን መንቀጥቀጥ ከመዶሻው ነው እያልኩ ስደብቃት ኖሬ ነበር፤ ፓርኪንሰን የሚሉት የነርቭ በሽታ ነው አሉ። ከዚያ ዋና ከተማችን ዛግሬብ ላኩኝ፤ እንደኔ እግራቸው የሚቆምባቸውን ሰዎች አንጎል የሚያጠኑ አሉ። አርባ ዓመት ድንጋይ ስጠርብ ዓይኔ ውስጥ የገባ የብረት ፍንጣሪ እንዳይኖር መጀመሪያ በራጅ አዩኝ። የአንጎል ሥዕል የሚያነሳው መሣሪያ ማግኔት ነው፤ ብረት ካገኘ ይስባል።

በጀርባዬ አስተኝተው የመሣሪያው ቀዳዳ ውስጥ ከተቱኝ። ድምፁ የድንጋይ መሰንጠቂያችንን ያስንቃል። እግሬ ሥር ሁለት ፔዳል፣ ዓይኔ ፊት ረጅም ኮሪደር በሥዕል። ፔዳሉን ስረግጥ ሥዕሉ ውስጥ እራመዳለሁ። ጠባብ በር ሲመጣ እግሬ ቀጥ! ተኝቼ፣ ዲንካ! ማንም ሳያየኝ፣ የማስረክበው ሰው ሳይኖር!

ሐኪሟ ላሪሳ ትባላለች፤ ባንቺ ዕድሜ ናት። የአንጎሌን ሥዕል አሳየችኝ። «አባባ፣ የሚያስበው ክፍልና እግርን የሚያዘው ክፍል እዚህና እዚህ ይነጋገራሉ። በሩ ሲመጣ ንግግራቸው ይታወካል። እንዲህ የሆኑ ብዙ ሰዎች አሉ» አለችኝ።

«ደረጃ ላይ ግን እሮጣለሁ።»

«ደረጃ ለዓይን መስመር ይሰጣል፤ እግር የቱን እንደሚረግጥ ያያል። ይሄ የታወቀ ነው።»

አንድ ቅጂ ለምኜ ወሰድኩ። ከመርከብ እንደ ወረድኩ በቀጥታ የርኮ ዘንድ። የዓሣ መረቡን እየጠገነ ነበር።

«ቆንጆ ፎቶ ነው» አለኝ። «አበባ ጎመን ይመስላል።»

«አንጎሌ ነው፣ አንተ ደንቆሮ!»

«ሲያሻው የሚሄድ፣ ሲያሻው የሚቆም በሽታ! ደረጃውን እንደ ፍየል ስትወጣ አይቼሃለሁ እኮ።»

ቡጢዬን አነሳሁበት። ቡጢዬ አየር ላይ ተንቀጠቀጠ፤ ላቆመው ብል አልቆም አለ። የርኮ አየው። ወደ መረቡ አቀረቀረ። ይቅርታ ግን አልጠየቀኝም። አንቺም እንደማትጠይቂ አውቃለሁ፤ ግትርነትሽ ከእኔ ነው የመጣው።

ሥዕሉን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ለባልሽም አሳዪው።

እዚህ ላይ ላበቃ ነበር። ነገር ግን ሐኪሟን ሌላም ጠይቄያታለሁ። «ያን ቀን መግባት እፈልግ እንደ ነበር ይሄ ሥዕል ይናገራል?» አልኳት።

«አይናገርም፣ አባባ። ጭንቀት ያባብሰዋል፤ ይሄን እናውቃለን። ምን ይፈልጉ እንደ ነበር ግን መሣሪያው አያይም።»

እንግዲህ እኔው ልናገር። እግሬ ሲቆም ለአንዲት አፍታ ደስ አለኝ። «አትሄድም፤ ቀረችልኝ» አልኩ በሆዴ። ከዚያ ፊትሽን አየሁ፤ ልራመድ ታገልኩ፤ እግሬ እምቢ አለ። በሽታው እውነት ነው። ደስታዬም እውነት ነበር። ሁለቱን የምትለይ ሐኪም የለችም፤ እኔም ሁለት ዓመት ሙሉ ልለያቸው አልቻልኩም።

ለፍራኔ ሰላምታ አልልክም። እሺ፣ ይድረሰው። አምላክ ጤናውን አይንሳችሁ፤ ባሕሩም ለመንገዳችሁ ይለዝብ። ለገና የምትመጡ ከሆነ ወደብ ድረስ ወርጄ አልቀበላችሁም፤ የሰው ግፊያ እግሬን ያቆመዋል።

እቤት ነኝ።

አባትሽ ባርቱል