ዝም ያለችውን እናት ማናገር

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

ልብስ አጠብኩ። ሩዝ አሳረርኩ። ወንድሜ ጧሂር ከሚሠራበት ሱቅ ሲመለስ ድስቱን ከፍቶ፣ «የቴአትር ዲግሪ እንዲህ ነው የሚያበስለው?» አለኝ። ይሳቅ።

ቪዚት ቪዛዬ በወሩ መጨረሻ ያልቃል። ሥራ ካላገኘሁ ከአል አይን ወደ ደሴ መመለስ ነው። አቡ ዳቢ ያለው ስቱዲዮ፣ የውጭ ድራማ በአማርኛ ድምፅ የሚመልሰው፣ የሚመጣው ሳምንት ረቡዕ ለፈተና ጠርቶኛል። አንድ ዕድል... እንቅልፍ ከየት ይምጣ?

እሑድ፣ ኅዳር 7

አክስቴ ረሺዳ ከኸሊፋ ሲቲ፣ ከምትሠራበት ከማዳሟ ቤት፣ ፈቃድ ወጥታ ሲኒማ ጋበዘችኝ። ጓደኛዋ እትዬ ሸዋዬም አለች። እንግሊዝኛው ስለሚያመልጣቸው መሀል አስቀምጠውኝ እኔ በሹክሹክታ ላስተረጉም።

ፊልሙ... እንዴት ልበለው? ባሕሩ ከሰማይ ተንጠልጥሏል፣ መርከቦቹ ከሥሩ እንደ ዓሣ ያልፋሉ። ከተማዋ በሙሉ መስታወት ናት። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ሰዎቹ ግን አያወሩም!

«ሴትዮዋ ምን አለች?» አክስቴ።

«ምንም።»

«ይሄን ሁሉ ስታፈጥ?»

«ባሕሩን እያየች ነው።»

«እኛስ እያየን አይደል!» አለች እትዬ ሸዋዬ። ከኋላችን ያለው ሰውዬ «እሽሽ!» አለን።

እናትየው ልጇን ትታ ወደ ሌላ ዓለም ልትሄድ ነው። የተኛችውን ልጅ አይታ፣ «በሩ ተከፍቷል» ብቻ ብላ ወጣች። በቃ? ተናደድኩ። አፌ ቀደመኝ። «ነቅተሽ ብሄድ እግሬ እንቢ ይለኛል፣ ተኚልኝ» አልኩ፣ እናትየው ያለች አስመስዬ።

አክስቴ ፈንድሻዋን መብላት አቆመች። የእሷም ልጅ ደሴ ናት። ልጅቷ ተኝታ እያለች ነው አክስቴ ከቤት የወጣችው። በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

ዓይኔ ጠግቦ ወጣ። ሆዴ ግን ባዶ። ምን ዓይነት ፊልም ነው እንዲህ የሚያስደንቅና የሚያናድድ?

ሰኞ፣ ኅዳር 8

አክስቴ ለሠፈሩ ሴት ሁሉ አውርታለች። ሊያዩት ነው! እናትየው ያለችውን ሊሰሙ! ደወልኩና እውነቱን ነገርኳት። ተቀየመችኝ ስል...

«አንቺ ነሽ እንዴ ያልሽው?»

«እኔ ነኝ፣ አክስቴ።»

«ታዲያ ፊልሙን ሲሠሩ ምነው አንቺን ቢጠይቁሽ?»

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ከአል አይን በጠዋት አውቶቡስ።

ፈታኙ ዳዊት ይባላል። ቀጭን፣ የማይስቅ። በቅርብ ያየሁትን ፊልም ጠየቀኝ። ማሞገስ ይሻል ነበር? አላሞገስኩም። ባሕሩንም ነገርኩት፣ ባዶነቱንም፣ የጨመርኩትንም።

ፊቱ ተቀየረ። «እዚህ ያልተባለ ነገር አንጨምርም፣ እህቴ።»

ኸላስ፣ አለቀልኝ አልኩ በልቤ።

ማዳመጫውን ሰጠኝ። አንዲት ልጅ ለአባቷ ትናገራለች። ቃል በቃል ሲመለስ፣ «አባቴ፣ ስለ እኔ ብለህ እንድትጨነቅ አልፈልግም» ነው። አልኩት። የልጅቷ አፍ ግን ገና መሀል ላይ ተዘግቷል። ድምፄ ብቻውን ቀረ። አፈርኩ።

«እንደገና ያጫውቱልኝ» አልኩት።

ፊቷን አየሁ። በእኛ ቤት ሴት ልጅ ለአባቷ ይሄን ሁሉ ትላለች? ቆረጥኩት።

«አባዬ፣ አታስብ።»

ከአፏ ጋር ተዘጋ! ዳዊት መልሶ አጫወተው። ደግሞ መልሶ። «መጨመር ብቻ የምትወጂ መስሎኝ ነበር» አለ። ሳቀም። ሲስቅ ጥርሱ ፍንጭት ነው።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ከስቱዲዮው ደወሉ!!! ቪዛውን እነሱ ይጨርሳሉ። ጧሂር ሱቅ ውስጥ አቅፎ አዞረኝ፣ ገዢው ሁሉ እያየን።

ሰኞ፣ ኅዳር 22

የመጀመሪያ ቀረጻ። ከመስታወቱ ወዲህ ተቀምጫለሁ፣ ተዋናይቷ ወዲያ። የጻፍኩትን አንብባ አንዱ መስመር ላይ ቆመች። ተሳሳትኩ?

«ይሄን ማን ነው የጻፈው?» አለች በማይክሮፎኑ።

ዳዊት ወደ እኔ ዞረ። እንደ ተማሪ እጄን አወጣሁ።

«አንቺ ልጅ፣ እንዲህ አድርገሽ ጻፊልኝ ሁልጊዜ» አለችና ጉሮሮዋን ጠርጋ ጀመረች።