የዳማ ፈረሴን የሆድ ጩኸት መርምረው ጎረቤቴን ላሰሩበት ለባልደራስ በላይነህ

ይድረስ ከተከበሩ ባልደራስ በላይነህ፣ ከፈረሰኛ ሁሉ አለቃ፣ ከገብስና ከሣር አዛዥ፣ ሌላው የማይሰማውን ከሚሰሙ ጌታ።

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ጉልበትዎስ? ከሁሉም በላይ ጆሮዎ እንደምን ነው? እግዚአብሔር ጆሮዎን ይጠብቅልን፤ በደብረ ታቦርና በአካባቢዋ የሰው ሕይወት በእርሱ ላይ ተንጠልጥሎ እንደሚኖር ካለፈው መስቀል ወዲህ ተረድተናልና። እኔ ታናሽዎ ደሳለኝ፣ የገብረየሱስ ልጅ፣ ከጋፋት በታች የማርሰው ገበሬ፣ ደህና ነኝ። ዳማ ፈረሴም ደህና ነው። ይህን የምጽፍልዎ ደህና ስላልሆነችው ስለ ጎረቤቴ ስለ ውድነሽ ነው። ነገሩ የተፈጸመው በሕዝብ ፊት ስለ ሆነ ምስጋናዬም በሕዝብ ፊት ይሁን ብዬ፣ በገበያ ቀን ጮክ ብሎ እንዲያነበው ግልባጩን ለደብራችን ዲያቆን ሰጥቻለሁ።

አንደኛ፤ ፈረሴን ስለ ተቀበሉበት ቸርነት አመሰግናለሁ። ለመስቀል ጉግስ ሊጋልቡበት ሲጠይቁኝ፣ አባቴ ያሳደገው ፈረስ በባልደራስ ግቢ ሊያድር ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። አሽከሮችዎም እጃቸው ለጋስ ነውና፣ ሣርና ጥቂት ገብስ ለለመደ ፈረስ ቁና ሙሉ ጥሬ ገብስ አፈሰሱለት። እርሱን እንደ ጨረሰ ወንዝ አውርደው እስኪበቃው አጠጡት። ከዚያም ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሮ ሳለ ኮርቻ ጫኑበትና የሆዱን ጠፍር በጉልበታቸው እየተደገፉ አጠበቁት። ይህን የነገረኝ ጠላትዎ አይደለም፤ የራስዎ አሽከር ፈንታሁን ነው፤ ያውም «በዕድሜው እንዲህ ያለ ግብር በልቶ አያውቅም» እያለ በኩራት።

ሁለተኛ፤ ስለ ምርመራዎ አመሰግናለሁ። ጉግሱ ሳይጋመስ ዳማ ከሜዳው መካከል ቆመ። በፊት እግሩ መሬት ይጭር፣ አንገቱን አዙሮ ጎኑን ይመለከት፣ ሊተኛም ይንበረከክ ጀመር። ሆዱ ከሩቅ የሚሰማ ድምፅ ያወጣ ነበር፤ ከአፈ ጠባብ እንስራ ውኃ ሲቀዳ እንደሚንዶቀዶቀው ያለ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ «የፈረስ ሆድ ሲጮህ መውጫ ያጣ ነፋስ ነው፤ ጠፍሩን አላልተህ አንሸራሽረው። ዝም ያለ ዕለት ፍራ» ይለኝ ነበር። ይህንኑ ልነግርዎ ስሮጥ፣ እርስዎ ወርደው ጆሮዎን ከዳማ ሆድ ላይ ለጥፈው አገኘሁዎ። ቀና ብለው ምን እንዳሉ ያስታውሳሉ?

«ሴት ናት» አሉ። «በውስጡ ሴት ታወራለች።»

ምን እያለች እንደምታወራ ግን አልነገሩንም፤ ለጆሮዎ ትሕትና ነው ብዬ እገምታለሁ።

ሴት ከተሰማች ደግሞ መገኘት አለባት። ውድነሽ የአንጥረኛው የሙላቴ ሚስት ናት፤ ሸክላ ትሠራለች፤ ያን ዕለት እንስራዎቿን ሸጣ ስትመለስ ከሰው ጋር ቆማ ጉግስ ታይ ነበር። ዳማ በፊቷ ሲያልፍ «እሰይ! እንዴት ያለ ፈረስ ነው!» ብላለች፤ እውነት ነው። እንዲህ ያላለ ሰው በዚያ ሜዳ አልነበረም። የደብሩ አለቃም ብለዋል፣ እኔም ብያለሁ። የእርሷ አድናቆት ግን የአንጥረኛ ሚስት አድናቆት ነውና ፈረሱን በላው ተባለ። ቀን ለንጉሥ መድፍ ብረት የሚያቀልጥ እጅ ሲመሽ ጅብ ይሆናል የሚለው የአገራችን ጥበብ በእርስዎ አልተጀመረም። እርስዎ ግን አላባከኑትም።

በዳማ መሳቢያ ገመድ ከሜዳው ዳር ካለው ወይራ ግንድ ጋር አሳሰሯት። «እንትፍ በይበት፣ ይለቀዋል» አሏት።

«ጌታዬ» አለች ውድነሽ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ «ምራቄ የሚያድን ቢሆን ሁለቱን ልጆቼን አልቀብርም ነበር።»

ይህን የሰማ ሰው ልቡ ይራራል ብዬ ነበር። እርስዎ ግን አለንጋዎን አነሡ። እኔም «ጌታዬ፣ ገብሱ ነው! ጠፍሩ ነው!» ብዬ ጮኽሁ። «አንተን ማን ጠየቀህ?» ብለው በአለንጋው እጀታ ደረቴን ገፉኝ። አልቀየምሁም፤ ገፍተው የጣሉኝ ከዳማ እግር ሥር ነበርና። የሰው ሁሉ ዐይን ከወይራው ላይ ስለ ነበረ ፈረሱን የሚያይ አልነበረም። ጠፍሩን ፈታሁ፣ ኮርቻውን አወረድሁ፣ ሆዱን በመዳፌ እያሸሁ ሽቅብና ቁልቁል አመላለስሁት። ጥቂት እንደ ሄድን፣ ለክብርዎ ስል በጨዋ ቃል ልጻፈውና፣ ያቺ የምታወራው ሴት በኋላ በር ወጣች። ወሬዋን እርስዎም ሰምተዋል፤ በቅሎዎ እንኳ ደንብራለች። ዳማ ገላውን አራገፈና ሣር መጋጥ ጀመረ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ዛሬ የምንስቅበት ጨዋታ በሆነ ነበር።

ሦስተኛ፤ ስለ ፍርድዎ አመሰግናለሁ። ፈረሱ መዳኑን ሲያዩ «ይኸው፣ ስትታሰር ለቀቀችው!» አሉ። ቢሞት በላችው፣ ቢድን ለቀቀችው፤ ከየትም ቢገቡበት መውጫው አንድ የሆነ ፍርድ ከእርስዎ በፊት አላየሁም። በማግስቱ አሽከሮችዎ መጥተው የሙላቴን ጎጆ ክዳን አወረዱ፤ ብረት የሚያግልበትን ወናፍም በጩቤ ቀደዱ፤ የውድነሽን ሸክላ ሰባበሩ። ሙላቴ ቆሞ ከማየት በቀር ያደረገው አልነበረም። ውድነሽ ያልተሰበረች አንዲት እንስራ ነበረቻት። እርሷን አምጥታ ለባለቤቴ ለየሺ ሰጠቻትና «ውኃ ቅጂባት፣ እኅቴ፤ አትፍሪያት» አለቻት። የሺ እስከ ዛሬ በእርሷ ትቀዳለች። ከእኛ ቤት ውኃ መጠጣት የተዉ ጎረቤቶች አሉ፤ ለእርሱም ምስጋናው የእርስዎ ነው።

ቁጥሩን ከዚህ ላይ እተወዋለሁ። የቀረው እየተቆጠረ አይጻፍልኝም።

ባልና ሚስቱ ከአገር ተባርረው ወደ ቆላ፣ እብናት ወረዱ። ደገኛ ቆላ ሲወርድ ንዳድ እንደሚጠብቀው እርስዎም ያውቃሉ። ለገና የሚሆን እህል በአህያ አስጭኜ፣ እኔ በዳማ ተቀምጬ ልጠይቃቸው ሄድሁ። ሙላቴን ከበሩ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

«ውድነሽስ?» አልሁት።

ከጎጆው ጎን ያለውን የድንጋይ ክምር በእጁ አሳየኝ።

ንዳዱ ብዙ አላቆያትም። የእብናት ቀሳውስት ግን ክርስትና የተነሣችውን፣ ጾም የማትሽረውን ሴት በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ አናስቀብርም ብለው ነበር፤ ከእርስዎ ዘንድ የመጣው ቃል ከእርሷ ቀድሞ ደርሷቸዋልና። ሙላቴ ብቻውን ቆፍሮ ብቻውን ቀበራት። ፍትሐት የለ፣ ለቅሶ ደራሽ የለ። የመከራው ሁሉ መነሻ ከፊቱ መቆሙ አሳፈረኝና ዳማን ከጎጆው ጀርባ ልወስደው ገመዱን ሳብሁ። ሙላቴ ግን ተነሥቶ መጣ፤ የዳማንም ግንባር ዳበሰው።

«ተወው፣ ደሳለኝ» አለኝ። «ፈረሱ ምን አደረገ?»

በወይራው ሥር ያላለቀስሁትን ያኔ አለቀስሁ።

ባልደራስ ሆይ፣ ዘንድሮም ዳማን ለጉግስ እንድሰጥዎ ሰው ልከውብኛል። እምቢ ብያለሁ፤ ለእምቢታዬ የሚመጣውንም ቤቴ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። እኔ ግን በፈንታው አንድ ልመና አለኝ፤ ይህኛው ሽሙጥ የለበትም። በሕዝብ ፊት እንደ ወነጀሏት በሕዝብ ፊት «ተሳስቻለሁ» ይበሉ። ለእብናት ቀሳውስትም እንደ በፊቱ ፈጥነው ቃል ይላኩ፤ አፅሟ ተነሥቶ ከክርስቲያን ወገኖቿ ጋር ይረፍ። ይህን ለማድረግ ጋሻ አያሻም፤ አለንጋም አያሻም። ምናልባት የሚከብድዎ ለዚሁ ነው።

ረጅም ዕድሜ ይስጥዎ፤ ያዩትንና የሰሙትን ሁሉ አስበው የሚጨርሱበት ያህል ረጅም። ከእግርዎ በታች ተደፍቼ ሳይሆን ከእርሻዬ ላይ ቀጥ ብዬ ቆሜ እጅ የምነሳዎ፣

ደሳለኝ ገብረየሱስ፣ ከጋፋት ሥር።

ከፈረምሁ በኋላ ትዝ ያለኝ፤ የተሰበረው እርካብዎ ተሠርቷል። ደገኛውን አንጥረኛ አባርረው ሲያበቁ፣ የሚሠራልዎ ቢያጡ ፈንታሁንን በስውር እብናት ድረስ መላክዎን ሙላቴ ነግሮኛል። ሥራው እንደ ወትሮው ያማረ ነው። «ዋጋ አልፈልግም፤ ጌታው ራሳቸው መጥተው ይውሰዱት» ብሏል። ቤቱን ለማግኘት አይቸገሩም፤ እብናት ሲደርሱ፣ መቃብር ከጎኑ ያለበት ጎጆ የትኛው ነው ብለው ይጠይቁ።