የወይዘሮ ሞራግ ቋንቋ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጥቅምት 1989

ውድ ኪራኮስ፣

በዚህ ፖስትካርድ ላይ ያለውን የፕሬዚዳንቱን ነጭ ሕንፃ ገና አላየሁትም። ትናንት የዋልኩት የአክስቴ ልጅ ፀዳለ በምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ነው። እዚያ ሞራግ የሚባሉ የስኮትላንድ ደሴት ተወላጅ አሮጊት ነበሩ። ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ እንግሊዝኛው ጠፍቶባቸው የቀራቸው የልጅነት ቋንቋቸው ጌሊክ ብቻ ነው። ልጃቸው ኬነት ከጌሊክ አንድ ቃል አይሰማም፤ አሜሪካ ውስጥ ምን ይጠቅመዋል ብለው አላስተማሩትም።

ፀዳለ እዚሁ አቅራቢያ አሌክሳንድሪያ በምትባል ከተማ ወዳለ ጌሊክ የሚያስተምር ማኅበር ደውላ፣ ኤለን የምትባል አባል መጣች። እጃቸውን ይዛ በጌሊክ ሰላም ስትላቸው አሮጊቷ አለቀሱ፤ ከዚያ ሳያቋርጡ ማውራት ጀመሩ።

"ምን አለችሽ?" አለ ኬነት።

"ግማሹ አልገባኝም። እኔ ገና ተማሪ ነኝ።"

"የገባሽን ንገሪኝ።"

ኤለን አመነታች። "'ይሄ ሰውዬ የማን ልጅ ነው? መሽቷል፣ እናቱ ትጠብቀዋለች፣ ወደ ቤቱ ይሂድ' ነው የሚሉት።"

ኬነት "'እናቴ' እንዴት ነው የሚባለው?" ሲል ጠየቃት። ነገረችው። ጎንበስ ብሎ ደጋግሞ ጠራቸው፤ እሳቸው ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ዛሬ ጠዋት አረፉ።

እናትህ ቅማንትኛ የሚያወሩት ከእህታቸው ጋር ብቻ ነበር። እህታቸው ካረፉ ወዲህ አሁን ከማን ጋር ያወራሉ?

ቦታው አለቀብኝ፤ ልጆቹን ሳምልኝ። ለእናትህ ሰላምታዬን በአማርኛ አታድርስልኝ፤ በቅማንትኛ እንዴት እንደሚባል ራሳቸውን ጠይቀህ ንገርልኝ።

ወዳጅህ ኃይለመለኮት