የጋሽ ጭስ፣ የሲሚንቶ ፋብሪካው ጭስ ለኪ፣ የሕይወት ታሪክ

ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ጭስ» የሚላቸው አጎታችን ከጡብ ሠሪ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1951 ዓ.ም. ተወለዱ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እንደጨረሱ የመለኪያ መሣሪያ ጥገና ተምረው፣ በ1972 ዓ.ም. በሲሚንቶ ፋብሪካው ተቀጠሩ። በ1978 ዓ.ም. የፋብሪካውን ክሊኒክ ነርስ አግብተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል።

በ2005 ዓ.ም. መንግሥት ለየፋብሪካው የጭስ ልክ ወሰነ። ከልኩ ያለፈ ፈቃድ ይገዛል፤ ከልኩ በታች ያጨሰ የተረፈውን ይሸጣል። በየሳምንቱ ጭስ ማውጫው ላይ ወጥተው የሚለኩት እሳቸው ሆኑ፤ ቅጽል ስማቸውም ከዚያ መጣ። ፋብሪካው ሦስት ዓመት ፈቃድ ሸጠ። ሠራተኛው በቦነሱ ስንቱን ጎጆ አቀና።

በ2008 ዓ.ም. አንድ ሰኞ፣ ከመለኪያው ቀዳዳ በታች ያለው መጋጠሚያ ተሰንጥቆ አገኙት። በስንጥቁ የገባው አየር ጭሱን እያቀጠነ ልኬቱን ዝቅ ሲያደርገው ኖሯል። ከቀዳዳው በታች ያለውን እሳቸው የምድጃ ክፍል ሰዎች ያዩታል ብለው ትተውት ነበር፤ የምድጃ ክፍልም የለኪው ሥራ ነው ብሎ ትቶታል። ዓርብ ሌላ ልኬት መፈረም ነበረባቸው።

የምድጃው ኃላፊ፣ የባለቤታቸው ታናሽ ወንድም፣ በበነጋው ቤት ድረስ መጡ። ስንጥቁን በይደን ዝም እንበል፣ ይህ ከተሰማ ሰላም የሚልዎት አያገኙም ብለው ለመኗቸው።

«ያልቀነስነውን ቀነስን ብለን ሸጥን፤ የገዛን ደግሞ እኛን አምኖ ጨምሮ አጨሰ። ጥፋቱ እጥፍ ነው፤ ምኑን ዝም ልበል?» አሉ ጋሽ ጭስ።

እስከ ዓርብ እህል በአፋቸው አልዞረም። ዓርብ ጠዋት ባለቤታቸው ሸሚዛቸውን ተኩሰው ሰጧቸውና «ፈርተሃል አይደል? እየፈራህ ሂድ» አሏቸው። ሄዱ፤ ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ጥፋቱን በራሳቸው ስም ጽፈው አስረከቡ።

ቦነሱ ቀረ፤ እሳቸውም ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወሩ። በሠራተኛው አውቶብስ ከጎናቸው የሚቀመጥ ጠፋ። የባለቤታቸው ወንድምም ደጃፋቸውን መርገጥ ተዉ። ጋሽ ጭስ ግን አንድም ቀን ሰው ሲያሙ አልተሰሙም። ፋብሪካው ፈቃድ መግዛቱ ሲመረው ምድጃውን ቀየረ፤ ጭሱም ከምር ቀነሰ። በ2011 ዓ.ም. ጡረታ ሲወጡ የሸኛቸው የግምጃ ቤቱ ዘበኛ ብቻ ነበር።

በሳንባ ሕመም ሁለት ዓመት ሲታከሙ ቆይተው፣ ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ66 ዓመታቸው አርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተዋል። ይህ ጽሑፍ ለኅትመት ሊሄድ ሲል የምድጃው ኃላፊ የነበሩት ሰው ደውለው፣ «ወንድም ብላችሁ ጻፉኝ፤ ካልከበዳችሁ» ብለዋል። ስለዚህ አንድ ወንድምም ትተዋል።

እውነትን የሚወድ አምላክ ነፍሳቸውን ከወዳጆቹ ጋር ያኑርልን፤ ለቀረነውም መጽናናቱን ይስጠን።