ዝርዝሩ ውስጥ የሌለችው ሺዙኩ

ሰኔ 4
ስማ፣ ስማ! ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ አሰማ! ከማክሰኞ ጀምሮ የጠፋው የግራ እግር ካልሲዬ ዛሬ ከሩዝ ማብሰያው ጀርባ በክብር ተገኝቷል።
ሌላ ወሬ? ከትናንት ወዲያ አያት ሆንኩ። ሴት ናት። መላጣ ናት፤ በእኔ ወጥታለች። ልጄ ሳናኤ ከአልጋዋ ሳትነሣ፣ "አባባ፣ በእማዬ ስም ልጥራት?" አለችኝ። ሺዙኩ... ሳል ያዘኝ ብዬ ወጣሁ።

ሰኔ 8
ሰባተኛ ቀኗ። ቀይ ሩዝ፣ የተጠበሰ ዓሣ፣ ዘመድ አዝማድ። እንደ ደንቡ ስሟን በብሩሽ ጽፌ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩ። በሟች ባለቤቴ ካንጂ፣ ትርጉም በሚይዘው ፊደል፦ ከላይ የ«ዝናብ» ምልክት፣ ከሥሩ የ«ታች»። ጠብታ ማለት ነው። በሦስተኛው ወረቀት ተሳካ። አማቼ ኮስኬ፣ "አባባ፣ ይሄማ ቤተ መንግሥት ነው መሰቀል ያለበት!" አለ። ሸንጋይ። ወደድኩት።

ሰኔ 11
ከኮስኬ ጋር ልናስመዘግባት ሄድን። የመዝገብ ቤቷ ልጅ ዝርዝሯን ገለጠች፤ ደግማ ገለጠች።
"አባቴ፣ ይሄ ካንጂ ለስም ከተፈቀዱት ውስጥ የለም።"
"ባለቤቴ ስድሳ ስምንት ዓመት ኖራበታለች እኮ!"
"እሳቸው የተወለዱት ዝርዝሩ ሳይወጣ ነው።"
"እንግዲያ ዝርዝሩ ታናሿ ነው። ለታላቁ ይነሣ እንጂ!"
ሳቀች። ማኅተሟን ግን አላነሣችም። ቀነ ገደቡ ሰኔ 15 ነው።
ዘመድ ጠርተን፣ በልተን፣ ጠጥተን... ዝርዝሩን ሳናይ! ማነው ቀድሞ የሰቀለው? እኔ።

ሰኔ 13
ኮስኬ ሌላ ስም እንፈልግ አለ። ሳናኤ ግን፣ "በካና ይጻፍ" አለች። ካና... ሕፃናት መጀመሪያ የሚማሩት፣ ድምፁን ብቻ የሚይዘው ፊደል። እሱን ማንም አይከለክልም።
"የእናትሽን ስም ራቁቱን ልታስኬጂው ነው?" ጮኽኩ። ሕፃኗ አለቀሰች።
"አባባ፣ እኔ ስሟ ሲጠራ መስማት ነው የምፈልገው። አንተ የምታስበው ለግድግዳህ ነው።"
ካልሲዬ ጠፋ ብዬ ወጣሁ።

ሰኔ 14
የመሣሪያ ሣጥኔን ከፈትኩ። ባለቤቴ ምሳዬ ላይ ትለጥፍልኝ የነበሩትን ወረቀቶች አንዱንም አልጣልኩም። "ዣንጥላ ያዝ፣ አንተ ደንቆሮ። ሺዙኩ።" "ዓሣው አጥንት አለው፣ ቀስ በል። ሺዙኩ።" ሁሉም በካና። ዝናብ የሚባል የለበትም። አርባ ዓመት እንዴት ሳላስተውል? ካንጂውን የምወደው እኔ ነበርኩ... እሷማ ስሟን እንዲሁ ነበር የምትጽፈው።
ሳናኤን ጠርቼ አሳየኋት። ተቃቅፈን... ይቅር፣ አልጽፈውም።

ሰኔ 15
አሮጌውን ወረቀት አውርጄ አዲሱን ሰቀልኩ። ሦስት ቀላል ፊደል፤ በመጀመሪያው ወረቀት ተሳካ። ተመዘገበች። ማታ ሳናኤ እያጠባቻት፣ "ሺዙኩ... ሺዙኩ" አለች። ይሄ ስም በዚህ ቤት ከተጠራ ሦስት ዓመቱ። ሕፃኗም ስሟን ሰምታ ዞር አለች።
ውሸት ነው። የአሥራ አራት ቀን ልጅ ስሟን የምታውቅ ይመስል! ሕፃኗ የእናቷን ጡት ይዛ አንቀላፍታ ነበር። ኮሪደር ላይ ቆሜ ዞር ያልኩት እኔ ነኝ... የመጣች መስሎኝ።