የግርማ ቢሮ የተዘጋ ሳምንት

ሰኞ
ዘጉት። ግርማ ጃኬቱን ሳያወልቅ በር ላይ ነገረኝ። ባለቤቴ ለትምህርት ቦርዱ መምህራንን ስለ ዘረኝነት ያሠለጥናል። ያሠለጥን ነበር ልበል እንግዲህ። አዲሶቹ የቦርዱ ተመራጮች «ልጆችን ይከፋፍላል» ብለው ቢሮውን አፈረሱት። እሱ ወደ ማስተማር ይመለሳል፤ ሰባተኛ ክፍል፣ ሳይንስ።
«እንኳንም ከሥራ አላባረሩህ» አልኩት። ምነው ምላሴን በቆረጠው! ገብቶ ሽንኩርት መክተፍ ጀመረ።

ማክሰኞ
ኢንተርኔት ላይ ስሙን እየጠሩ «አገርህ ግባ» ይሉታል። እዚሁ ከተማ፣ ሪጀንት ፓርክ ሰፈር ነው ያደገው፤ የት ይግባ?
እናቱ አብረውን ነው የሚኖሩት፤ ሐዘኑን ከፊቱ ላይ አነበቡት።
«ለመሆኑ ምን ነበር የምታስተምረው?»
«መምህራን ልጆችን በቆዳ ቀለማቸው እንዳይለዩ።»
«ታዲያ ይሄ ማንን ያስቆጣል?» አሉ።


ረቡዕ
ነገ የቦርዱ ሕዝባዊ ስብሰባ አለ። አልናገርም ሲል ቆይቶ ሻወር ቤት ሲለማመድ ያዝኩት፤ ለሥራ ኢንተርቪው በሚያወጣው በዚያ ወፍራም ድምፅ! ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እሱም ሳቀ። ቀለል አለኝ።

ሐሙስ
ከግርማ በፊት አንድ አባት ተነሣ። «ልጄ ነጭ በመሆኑ አፍሮ ከትምህርት ቤት መጣ» አለ። ተጨበጨበለት።
ግርማ ወደ ሰውየው ዞረ። «ልጅዎ አፍሮ ከገባ አዝናለሁ። ማንም ልጅ እንዲያፍር አልፈልግም» አለና ስለ አንዲት ተማሪ ተናገረ። ዝምተኛ ስለሆነች ብቻ፣ ሳይፈትኗት፣ ዝቅተኛ የሒሳብ ክፍል ያስገቧት ጥቁር ልጅ ነበረች። እዚያው ተነሥቼ ልስመው ነበር።
ተሸነፍን። ውሳኔው ጸና።
ስንወጣ ያ አባት ኮሪደሩ ላይ ጠበቀን። «ልጅቷስ? ምን ሆነች?»
«ክፍሏን አስቀየርናት። ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ሒሳብ ትወዳለች።»
ራሱን ነቅንቆ ሄደ። ይቅርታ የለ፣ መጨባበጥ የለ። ግን ጠይቋል። የከተማው ባቡር ውስጥ ግርማ እጄን እስከ ቤት አልለቀቀም።

ዓርብ
አሁንም ተናድጃለሁ። እንደዚያች ልጅ ያለቦታው የተመደበ ተማሪ እንዳለ ክፍሎቹን እየዞረ የሚያይ ሰው ከእንግዲህ የለም።
ማታ ግን ኮምጣጤና ቤኪንግ ሶዳ ጠየቀኝ፤ ለሰኞ ተማሪዎቹ እሳተ ገሞራ ሊያሳይ ነው። እቤት ሲሞክረው ገነፈለና ጠረጴዛውን፣ ምንጣፉን፣ የእናቱን ነጠላ ጭምር አጥለቀለቀው።
«ደሞዝ የሚከፍሉህ ለዚህ ነው?» አሉት እናቱ።
«አዎ እማዬ» አለ፣ እንደ ልጅ እየተፍነከነከ።
ሰኞ ተማሪዎቹ እንዴት እንደሚቀበሉት አላውቅም። «ድገመው እስቲ» አልኩት።