ቁልፉን አልጫንም ያለችው ሐኪም

ለውድ እናቴ፣

«ይህቺ ልጅ ስልክ በእጇ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው?» ሳትይ አልቀረሽም። የወንድሜን የባሮክን ስም ስጠራ ስልኩ ስለሚዘጋ ነው፣ እማዬ። ለመሆኑ ጉልበትሽ እንዴት ነው? እዚያ ቨርሷ የጄኔቭ ሐይቅ ብርድ አላስቸገረሽም? እኔ እዚህ ዙሪክ ደህና ነኝ። ዲግሪዬን እንደያዝኩ ከጄኔቭ ተነስቼ እዚህ ሥራ የፈለግኩት ለባሮክ ብዬ እንደሆነ ግን ታውቂያለሽ።

እሑድ ጄኔቭ መጥቼ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ስለ ብራዚል ሴቶች ሳወራ ፊት ወንበር ላይ ነበርሽ። ጎረቤታችን ጋሽ ንዋይ «ብራዚል ስትይ ኳስ መስሎኝ እኮ ነው የመጣሁት!» ሲሉ አንቺም ሳቅሽ። ሰው ቤት እየሠራች ተምራ መሐንዲስ ስለሆነችው ጥቁር ሴት፣ ስለ ኤኔዲና ስናገርማ አጠገብሽ ያለችውን «ስሚ፣ ስሚ» እያልሽ ነበር። ሐኪሟ ኒዚ ዳ ሲልቬይራ ጋ ስደርስ ቦርሳሽን ይዘሽ ወጣሽ።

ታዋርደኛለች ብለሽ ነው? ለሰው «ጀርመን ለሥራ ሄዷል» ያልሽውን ባሮክን በማይክሮፎን «ዙሪክ የአእምሮ ሆስፒታል ነው» የምል መስሎሽ? አላልኩም። ስለ ሐኪሟ ብቻ ነው ያወራሁት።

ጥለሽኝ ስለወጣሽ እዚህ ልንገርሽ። ኒዚ የአእምሮ ሐኪም ነበረች። በሽተኛውን በኤሌክትሪክ የሚያንዘፈዝፈውን መሣሪያ ቁልፉን ተጫኚ ቢሏት «አልጫንም» አለች። ማንም ወደማይፈልገው ክፍል መደቧት። እሷ እዚያ ለበሽተኞቹ ቀለምና ብሩሽ ሰጠች፤ ውሻና ድመት እንዲንከባከቡ አደረገች። ለሥዕሎቻቸው ሙዚየም ከፈተች። በፈረንጅ 1957 ደግሞ እዚሁ ዙሪክ ድረስ አስመጥታ ለዓለም ሐኪሞች አሳየችላቸው። እብድ የተባለን ሰው አልደበቀችም፣ እማዬ።

ይህን ለባሮክ ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝና «ታዲያ የእኛ ሆስፒታል ውሻው የታለ?» አለኝ። ቀለደ እኮ! ስንት ጊዜው! ደስታዬን ሳልጨርስ «እማዬ ጸበል ካልገባሁ አትመጣም አይደል?» አለ። ጸበሉም ይሁን፣ መድኃኒቱም አይቅር ብዬሽ ነበር፤ ዛሬም የምልሽ ይህንኑ ነው። ይድናል እላለሁ፤ ልቤ ግን አያርፍም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። የባሮክ ነርስ እንዳጫወተችኝ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ነጠላ የለበሰች አንዲት እናት ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት ትራም ማቆሚያው ላይ ትቀመጣለች። ትራሙ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ እሷ መስኮቶቹን እያየች ትቀራለች። ነርሷ አንድ ቀን ተሻግራ «ይግቡ እንጂ» ብትላት «ትራም ተሳስቼ ነው» ብላ ሄደች። ማን ናት ብዬ አልጠየቅኩም። ለባሮክም አልነገርኩትም።

የእሱ መስኮት በጓሮ በኩል ነው፣ እማዬ። ከማቆሚያው አይታይም።

ቅዳሜ በሩ ላይ እቆማለሁ። እመብርሃን ልብሽን ታበርታልሽ፣ መንገድሽንም ታቅናልሽ። እንደምትመጪ አንዲት መስመር ጻፊልኝ። ለእኔ ከከበደሽም ለእሱ ጻፊለት።

ታናሿ ልጅሽ